«ወገቤን ነው ዶክተር» ፦ ስለ ወሲብ ጤና የተማረ ባለሙያ ማነው? ምንስ ይማራል?



ባለፈው ስለ ስኳር ሕመም ከጻፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ ስለ ስኳር አልነበሩም። «ዶክተር፣ የወሲብ ችግር የሚያክም ሐኪም አለ ወይ?» «እኔና ባለቤቴ አብረን የምንሄድበት ሰው ጠቁሙን።» «ቦሌ አካባቢ ‹የትዳርና የወሲብ አማካሪ› የሚል ማስታወቂያ አይቻለሁ፤ እነዚህ ሰዎች ምን ተምረው ነው?» የመጨረሻዋ ጥያቄ በጣም ደስ አሰኝታኛለች። መድኃኒቱን ከመጠየቅ በፊት የባለሙያውን ትምህርት መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዘርፍ ባለሙያ ምን እንደሚማር፣ እኛ ሀገር ማን ምን እንደተማረ፣ እናንተም ማንን እንዴት እንደምትጠይቁ እጽፋለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል

አያት አካባቢ ባለ ክሊኒክ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ካርድ አውጥቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ «ዶክተር፣ የወሲብ ችግር አለብኝ» ብሎ የጀመረልኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ወንዱ «ወገቤን ነው» ይላል። ወይ «ኩላሊቴ ሳይሆን አይቀርም»፣ ወይ ደግሞ «አቅም አነሰኝ፣ ቫይታሚን ይታዘዝልኝ»። ሴቷ «ከታች ያቃጥለኛል»፣ «ማኅፀኔን እዩልኝ» ትላለች። ወገብም ማኅፀንም በእርግጥ ይታመማሉ። ግን ሽንቱ ተመርምሮ፣ አልትራሳውንዱ ታይቶ፣ ሁሉም ደህና ነው ተብሎ ሰውየው ከወንበሩ አልነሳ ካለ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ቃል አጥተን አይደለም እኮ። ቤተክርስቲያን «ሩካቤ ሥጋ» ትላለች። የሕግ ጽሑፍ «ግብረ ሥጋ» ይላል። ጋዜጣውና ሬዲዮው «ወሲብ» ይላሉ። ሰፈር ውስጥ የሚባለውን እዚህ አልጽፈውም። አንዱ ቃል ለስብከት፣ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለስድብ ሆኖ፣ ባልና ሚስት ማታ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚነጋገሩበት ቃል ግን የለም ማለት ይቻላል። አሥር ዓመት አብረው ኖረው፣ ሦስት ልጅ ወልደው፣ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተለዋውጠው የማያውቁ ባለትዳሮች አይቻለሁ።

በወሲብ ጤና የሚሠለጥን ባለሙያ መጀመሪያ የሚማረውም መጠየቅን ነው፤ መድኃኒቱ በኋላ ይመጣል። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። «የወሲብ ችግር አለብህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ኧረ የለብኝም» ነው፣ አለቀ። ሥልጠናው የሚያስተምረው ጥያቄ ሌላ ቅርጽ አለው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ከመገናኛ አያት የሚሠሩ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል። የመጡት ወገባቸውን ብለው ነው። ጀርባቸውን ስመረምር ምንም የለም። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚውሉ፣ ክብደት የጨመሩ፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለሱ ብዙ ወንዶች ከባለቤታቸው ጋር ሲገናኙም ይቸገራሉ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ዝም አሉ። በሩ መዘጋቱን አዩ። «ልጄ፣ ለሱ እኮ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ነገሩ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ መሆኑን ይናገራል፣ ቀጥሎ ከጤና ጋር ያያይዘዋል፣ በመጨረሻ ለመመለስም ላለመመለስም በር ይከፍታል። ይሄ ትምህርት ነው፣ ይለመዳል። የጋሼ የደም ስኳር ቁርስ ሳይበሉ ተለክቶ 248 ወጣ። 126 እና ከዚያ በላይ በድጋሚ ከተገኘ ስኳር ሕመም ነው ስለምንል የሳቸው ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ግን ‹የወንዶች ማር› በከረጢት እየገዙ ነበር።

ለምን ብልት ላይ ቀድሞ ይታያል? የብልት ደም ቧንቧዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የልብ ደም ቧንቧዎች ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። ስኳር፣ ግፊት፣ ሲጋራና የደም ቅባት ቧንቧን ሲያጠቡ ቀጭኑ ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ በአንድ የአርባና የሃምሳ ዓመት ወንድ ላይ ቀስ በቀስ የመጣ ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ጥቂት ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ሰውየው አፍሮ ዝም ካለ፣ ሐኪሙም አፍሮ ካልጠየቀ፣ ማስጠንቀቂያው ያልፋል። የዚህን ሥልጠና ጥቅም ለሚጠራጠር የሥራ ባልደረባ ሁልጊዜ የምነግረው ይህንን ነው።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

በዘመናዊ መልኩ የወሲብ ሕክምና ወጣት ሙያ ነው። ዊሊያም ማስተርስ የተባለ የማኅፀን ሐኪምና ቨርጂኒያ ጆንሰን አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ የሰው አካል በግንኙነት ጊዜ ምን እንደሚሆን ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያውን፣ በ1970 ደግሞ ስለ ሕክምናው የሚናገረውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለ ችግር የተለመደው ነገር ለዓመታት የሚዘልቅ የሥነ ልቦና ሕክምና ነበር። እነሱ ባልና ሚስቱን አብረው ማየት ጀመሩ፣ የቤት ሥራ ሰጡ፣ ሕክምናውን ወደ ሁለት ሳምንት አሳጠሩት። ብዙ ነገራቸው በኋላ ተስተካክሏል። ‹ታማሚው አንድ ሰው ሳይሆን ሁለቱም ናቸው› የሚለው ሐሳብ ግን ዛሬም አለ።

ለእኔ ብጤ ጠቅላላ ሐኪም ግን የበለጠ የሚስበኝ የእንግሊዞቹ መንገድ ነው። እዚያ ሥልጠናው ያደገው ከቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ነው። የወሊድ መከላከያ ሊወስዱ የመጡ ሴቶች ምርመራ አልጋ ላይ ሲወጡ ያልተጠበቀ ነገር መናገር ጀመሩ፦ ሕመም፣ ፍርሃት፣ ያለፈ ጥቃት። ሐኪሞቹ ምን መመለስ እንዳለባቸው ስላላወቁ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ የገጠማቸውን ታካሚ እያነሱ መወያየት ያዙ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1974 የራሳቸውን የሥልጠና ተቋም መሠረቱ። የመማሪያ ዘዴው እስከ ዛሬ ያው የቡድን ውይይት ነው። አስቡት፣ ስድስት ሰባት ሐኪም ተቀምጦ «ታካሚዋ ይህን ስትል እኔ ምን ተሰማኝ? ለምን ርዕስ ቀየርኩ?» ብሎ ይነጋገራል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ነገሩን ቀድሞ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ወሲብ ትምህርትና ሕክምና፣ በተለይም ስለ ጤና ባለሙያዎች ሥልጠና አንድ ሪፖርት አወጣ። በ2015 ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋም የሚሠራ ሠራተኛ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለ ወሲብ ጤና እንዴት እንደሚነጋገር መመሪያ አሳተመ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው የበሽታዎች መለያ ደግሞ እነዚህን ችግሮች ‹የአካል› እና ‹የአእምሮ› ብሎ መክፈሉን ትቶ ለወሲብ ጤና ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠ። ለቢሮክራሲ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለታካሚ ግን ‹ከጭንቅላትህ ነው› ተብሎ መሸኘት ይቀራል ማለት ነው።

ሙሉ ሥልጠናው ምን ያህል ነው? ለመመዘኛ እንዲሆናችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የአሜሪካ የወሲብ አስተማሪዎች፣ አማካሪዎችና ሐካሚዎች ማኅበር ለሐካሚነት የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ቢያንስ ማስተርስ ላለው የሥነ ልቦና ወይም መሰል ባለሙያ ነው። በዚያ ላይ 150 ሰዓት ትምህርት፣ 300 ሰዓት ታካሚ ማየት፣ 50 ሰዓት ደግሞ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ሥራን ማስገምገም ይጠይቃል። አውሮፓ ውስጥ ለሐኪሞች ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጥ የወሲብ ሕክምና ፈተና አለ።

ከዚህ ሁሉ አንዱ ክፍል በጣም ያስገርመኛል፤ ሠልጣኙ ስለ ሌላ ሰው ከመማሩ በፊት የራሱን አመለካከት እንዲፈትሽ ይደረጋል። ምን ያስቆጣኛል? ምን ያሳፍረኛል? የማልስማማበትን ነገር የሚነግረኝ ሰው ፊት ፊቴ ይቀየራል ወይ? ሐበሻ ደግሞ ፊት ማንበብ ያውቅበታል። ታካሚዋ የመጀመሪያዋን ቃል ስትወረውር የምታየው የሐኪሙን ቅንድብ ነው። ቅንድቡ ከፍ ካለ፣ በቃ፣ «ሆዴን ነው» ትላለች።

እኛ ሀገርስ?

እኛም ከዜሮ አንነሳም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ማለትም ልክ እንደ እንግሊዞቹ በቤተሰብ ምጣኔ በኩል የሚከፈት በር እኛም ነበረን፣ አለን። ትልቁ ትምህርት ቤታችን ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ኤች አይ ቪ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ፣ በተለይም በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ በየጤና ጣቢያው ነርሶችና አማካሪዎች ምክርና ምርመራ መስጠት ሠለጠኑ። ‹ስንት ጓደኛ አለሽ?› ‹ኮንዶም ትጠቀማለህ?› ብሎ መጠየቅ የሥራ አካል ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አማርኛ ተናጋሪ የጤና ባለሙያ ስለ ወሲብ ፊት ለፊት መነጋገር የጀመረው ያኔ ነው።

ችግሩ፣ የተማርነው ስለ አደጋው ብቻ መጠየቅን ነው። በሽታ፣ ያልተፈለገ እርግዝና፣ መከላከያ። ‹ያምሻል?› ‹ደስ ይልሻል?› ‹ትፈልጊያለሽ ወይስ እሺ ትያለሽ?› የሚለው ከቅጹ ላይ አልነበረም። በሕክምና ትምህርት ቤት እኔ ያገኘሁትም ያው ነው፦ የአባላዘር በሽታ በሰፊው፣ ስንፈተ ወሲብ ከሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ትምህርት መሃል በጥቂቱ፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም ከማኅፀን ሕመሞች ዝርዝር ውስጥ። እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ግን አላስታውስም። የቀረውን እዚህ ሥራ ላይ ሆኜ በማንበብና በኦንላይን ኮርስ ነው የማሟላው። ስለዚህ እኔ የወሲብ ሐካሚ አይደለሁም፤ ጠያቂና ወደ ትክክለኛው ሰው ላኪ ነኝ፣ የሚበዛውም ሥራ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብታችሁ ‹የወሲብ ሕክምና ክፍል› የሚል በር አትፈልጉ። ዕውቀቱ በብዙ በሮች ተከፋፍሎ ነው ያለው። የብልት መቆም ችግር፣ የዘር ፈሳሽ ነገርና የፕሮስቴት ጉዳይ የዩሮሎጂስት ነው። በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ ከወሊድ በኋላ ያለ ችግርና ከማረጥ ጋር የሚመጣ ድርቀት የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም። ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ፣ ድብርት ወይም ጭንቀት ሲኖር፣ ያለፈ ጥቃት ሲኖር የአእምሮ ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት እዚሁ ሀገር ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርቱ ውጭ ሀገር ነበር። ስለዚህ ‹እዚያ የሚሄደው ያበደ ነው› የሚለውን አሮጌ አባባል ተዉት፤ ባለሙያው ዛሬ ቅርባችሁ አለ። የሁሉም መግቢያ ግን ጠቅላላ ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ ስኳር፣ ግፊትና የሆርሞን ምርመራው ከእሱ ይጀምራል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችና ብዙ የድብርት መድኃኒቶች ፍላጎትንም እርካታንም ይቀንሳሉ፤ ሐኪሙ ሊቀይራቸው ይችላል። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ።

አራቱ ደረጃዎች

ሥልጠናው ውስጥ ለጀማሪ በጣም የሚጠቅመው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጃክ አነን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ‹ፕሊሲት› የሚባል አሠራር ነው። አራት ደረጃ አለው፦ ፈቃድ፣ ውስን መረጃ፣ ለዚያ ሰው የተለየ ምክር፣ በመጨረሻ ጥልቅ ሕክምና። ሐሳቡ፣ ጥልቅ ሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ሰው በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ይረዳል። ባለሙያውም የራሱ ደረጃ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ አለበት።

በምሳሌ ይሻላል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት እንበል፤ ይህን የመሰለ ታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ። ከተጋቡ ዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል። ይዋደዳሉ። ግንኙነት ግን አንድ ጊዜም አልተሳካም፤ ሊሞክሩ ሲሉ የሷ ጡንቻ ይጨብጣል፣ ያማታል፣ ታለቅሳለች፣ ያቆማሉ። አማቷ በየእሁዱ «ምነው ዝም አላችሁ?» እያሉ ሆዷን ያያሉ። ማኅፀን ሐኪም ጋ ሄዳ «ምንም የለብሽም፣ ዘና በይ» ተብላ ተመልሳለች። ቤተሰብ ጠበል ወስዷታል። እሱ ‹አትወደኝም› ብሎ ማሰብ ጀምሯል፤ ጓደኞቹ ደግሞ ‹ጠንከር በል› ይሉታል።

ይህ ችግር ቫጂኒስመስ ይባላል። በብልት ዙሪያ ያለው የዳሌ ወለል ጡንቻ ሳትፈልግ በራሱ ይጨብጣል፤ ዓይናችን አቧራ ሲመጣበት እንደሚዘጋው ማለት ነው። ዓይንን ‹ዘና በል› ብሎ መክፈት አይቻልም። ‹ጠንከር በል› የሚለው ምክር ደግሞ አቧራውን ማብዛት ነው፤ ያለ ፈቃዷ ከሆነ ደግሞ ጥቃት ነው፣ ትዳር ውስጥም ቢሆን። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ በጉልበት የተሞከረ ነገር ሕክምናውን በወራት ወደ ኋላ ይመልሳል።

ፈቃድ የሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ እዚህ ጋ ምን ይመስላል? ሐኪሙ «ይህ የታወቀ ነገር ነው፣ ብዙ ሴቶች ይገጥማቸዋል፣ ስለመጣችሁ ጥሩ አደረጋችሁ» ይላል። በቃ። እዚህ ላይ ብቻ ሁለቱም ትከሻቸው ሲወርድ ታያላችሁ። ውስን መረጃ ማለት አሁን የነገርኳችሁ የጡንቻው ታሪክ ነው፤ እሷ እምቢ ብላ እንዳልሆነ እሱ ሲሰማ ግማሹ ጠብ ይቀራል። ለነሱ የተለየው ምክር ደግሞ፦ ለተወሰነ ጊዜ ግንኙነት ጭራሽ አትሞክሩ፤ እሷ የዳሌ ጡንቻዋን ማጥበቅና ማላላት ትለማመድ፤ ከዚያ በራሷ ጣት፣ ወይም ከቀጭኑ ጀምሮ መጠናቸው በሚያድግ ለስላሳ የሕክምና ዘንጎች፣ በራሷ ፍጥነት ትሂድ። ይህ ክፍል የሠለጠነ ማኅፀን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ድጋፍ ይፈልጋል። አራተኛው፣ ከኋላው የልጅነት ጥቃት ወይም ከባድ ፍርሃት ካለ፣ የሥነ ልቦና ሐካሚ ሥራ ነው። በትክክል ከታከመ ቫጂኒስመስ በጣም ጥሩ ውጤት ከሚገኝባቸው የወሲብ ችግሮች አንዱ ነው። ይህን ሳያውቁ የሚፋቱ መኖራቸው ያናድደኛል።

ከውጭ የመጣውን ወደ ኮንዶሚኒየም ማምጣት

የውጭ ኮርሶች ላይ የሚሰጠው የታወቀ የቤት ሥራ ማስተርስና ጆንሰን የጀመሩት የመነካካት ልምምድ ነው። ባልና ሚስቱ ለተወሰኑ ሳምንታት ግንኙነት ክልክል ሆኖባቸው፣ በየተራ፣ መጀመሪያ ብልትና ጡትን ሳይነኩ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ፣ እጅ፣ ፀጉር እየዳሰሰ ደስ የሚለውንና የማይለውን ይነጋገራሉ። ‹ልወድቅ ነው› የሚለው ጭንቀት ስለሚቀር አካል ይላላል። ለስንፈተ ወሲብም፣ ለዘር ፈሳሽ ቶሎ መፍሰስም፣ ለሕመምም ይጠቅማል።

መጽሐፉ ‹በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በጸጥታ ክፍል፣ በር ቆልፋችሁ› ይላል። እሺ። የእኛ ሰው ቤት አንድ መኝታ ነው፤ ሳሎን ላይ ከገጠር የመጣ የባል ወንድም ይተኛል፣ ልጁ መሃል ይተኛል፣ ግድግዳው ደግሞ የጎረቤትን ሳል ያሰማል። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ምክር ከመስጠቱ በፊት «ማታ ማን የት ይተኛል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከጠየቅኳቸው ጥያቄዎች እንደዚህ ብዙ የገለጠልኝ የለም። አንዳንዴ ‹ፍላጎት ማጣት› ተብሎ የመጣው ነገር ክፍል ማጣት ነው። መፍትሔውም ልጁን እሁድ ከሰዓት አያቱ ጋ መላክ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጾም ነው። ኦርቶዶክስ የሆኑ ባለትዳሮች ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ከግንኙነት የሚታቀቡ ብዙ ናቸው፤ ሙስሊም ባለትዳሮች ደግሞ በረመዳን ቀኑን ይታቀባሉ፣ ሌሊቱ የተፈቀደ ነው። የቤት ሥራውን የካቲት ላይ ሰጥቶ ‹ለምን አልሠራችሁም?› ማለት ታካሚን ማጣት ነው። ፕሮግራሙ ከፋሲካ በኋላ ሊጀመር ይችላል። አንዳንዶች ‹መነካካቱ ጾም ይሽራል ወይ?› ብለው ይጠይቃሉ፤ ይህን የምመልሰው እኔ አይደለሁም፣ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። በነገራችን ላይ የንስሐ አባትንና የትዳር ሽማግሌን ባለሙያዎች እንደ ተቀናቃኝ ማየታችን አይገባኝም። እነሱ ሰው እንዲናገር ማድረግ ከእኛ በላይ ያውቁበታል። የማያዩት የደም ስኳሩን ነው።

ሦስተኛ፣ ግርዛት። በ2016ቱ እ.ኤ.አ. የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይከለክለዋል፤ ጠባሳው ግን ቦሌም አለ። እንግሊዝኛው ኮርስ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ላይ ብቻ የሚነሳው ነገር እኛ ጋ የየቀኑ ነው፤ ሐኪሙ ሳያፍርና ሳያሳፍር መጠየቅ አለበት። የተገረዘች ሴት ‹እርካታ ለኔ አልቋል› ብላ ካመነች ተሳስታለች። የተቆረጠው የውጪው ክፍል ነው፤ ቂንጥር ወደ ውስጥ ሰፊ አካል አለው፣ ብዙ የተገረዙ ሴቶችም ይረካሉ። የተሰፋ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል።

ማስታወቂያ ስታዩ ምን ትጠይቁ?

ወደ ቦሌዋ ጠያቂዬ ልመለስ። መጀመሪያ መነሻ ሙያውን ጠይቂ፦ ሐኪም ነው? ሳይኮሎጂስት? ነርስ? የሙያ ፈቃዱስ? ‹የወሲብ አማካሪ› በመነሻ ሙያ ላይ የሚጨመር ነው፤ ብቻውን በሁለት ቀን ዙም የተገኘ ሰርተፍኬት ከሆነ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ። ሁለተኛ፣ የከበደው ነገር ሲመጣ ወደ ማን እንደሚልክ ጠይቂ፤ ወደ ማንም አልልክም፣ ሁሉንም እኔው እጨርሳለሁ የሚል ሰው ያስፈራኛል። ሁለታችሁንም አብሮ፣ ግን ደግሞ ቢያንስ አንዴ ለየብቻ ሊያናግራችሁ ይገባል፤ ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ባልየው ፊት አይነገርማ።

ይህን ደግሞ በደንብ ያዙት፦ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ሰው ልብስ አያስወልቅም፣ አይነካም፣ ‹ላሳይሽ› አይልም፣ ከታካሚ ጋር የፍቅር ግንኙነት አይጀምርም። አካላዊ ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው፤ ምክንያቱ ተነግሯችሁ፣ ፈቅዳችሁ፣ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው አብሯችሁ ቆሞ ነው የሚደረገው። ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር ከገጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ፣ አመልክቱ።

ማሩንና ክኒኑን ሳልነካ አላልፍም። ቫያግራ በሚለው ስሙ የሚታወቀው ሲልደናፊል እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ በትክክል ከታዘዘ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከወሰደው ግን ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሊወርድና ሊሞት ይችላል። ‹እኔ ክኒን አልወስድም፣ ተፈጥሯዊ ማር ነው› ለምትሉ፦ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 የወንድ ጉልበት ይጨምራሉ ተብለው የሚሸጡ የማር ምርቶችን መርምሮ ያልተጻፈባቸው ሲልደናፊልና ታዳላፊል አግኝቶባቸዋል። ስለዚህ ማሩ ‹ሠራልኝ› ካላችሁ ምናልባት የሠራው ያው ክኒን ነው፣ መጠኑን ማንም ሳይለካው። ጋሼ ማሩን ትተዋል። ስኳራቸው እየወረደ ነው፤ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ባይለቃቸውም ባለፈው ሲመጡ ባለቤታቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ እሳቸው ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው።

የግል ታሪካችሁን እዚህ ሥር በአደባባይ አትጻፉ፤ ስማችሁን የሚያይ ብዙ ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ካርድ ክፍል ውስጥ «ምንሽን ነው? ምንህን ነው?» ብለው በሰው ፊት ከጠየቋችሁ «የግል ጉዳይ ነው፣ ለሐኪሙ እናገራለሁ» ማለት ትችላላችሁ። ገብታችሁ ቃሉ ከከበዳችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። «ወገቤን ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁም ግድ የለም፣ ከመውጣታችሁ በፊት ግን «ሌላም ነገር አለ» በሉ።